ሉሁ ቢያልፍም ግድግዳው ገና አልተፈተነም

በሰሜን አሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግድግዳ በአብዛኛው የሚቆመው በእንጨት ፍሬም ነው። በፍሬሙ ላይ የእንጨት ቦርድ ይመታል፤ በቦርዱ ላይ ሠራተኞቹ ሀውስራፕ የሚሉት ቀጭን ውሃ ተከላካይ ሽፋን፣ ማለትም ሉህ፣ ይለበጣል፤ ከሁሉም ውጪ ሲዲንግ የሚባለው የሳንቃ ልባስ፣ ስታኮ የሚባለው የሲሚንቶ ልስን ወይም ጡብ ይመጣል። ሽፋኑ ቤቱ ካለቀ በኋላ ዳግመኛ ለዓይን አይታይም፤ እንጨቱ ሳይበሰብስ መኖሩ ግን በእጅጉ በእሱ ላይ ያረፈ ነው። የሚከተለው ምልልስ ይህ ሽፋን እንዴት መፈተን እንዳለበት ይከራከራል። ሁለቱ ተናጋሪዎች የክርክሩን ሁለት ወገን እንዲይዙ የተሳሉ ናቸው፦ አንዱ በሲያትል አካባቢ ቤት የሚሠራ ተቋራጭ፣ ሌላዋ የሕንፃ ግድግዳ የምትፈትሽ መሐንዲስ።

ተቋራጩ፦ እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ፣ ልጄ። የምገዛው ሽፋን በታወቀ ፋብሪካ የተመረተ ነው፤ የምስክር ወረቀት አለው፤ የከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪም አይቶ ይቀበለዋል። ውሃ እንደማያሳልፍ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል። አንቺ ግን ግድግዳው ራሱ ይፈተን ትያለሽ። የተፈተነን ነገር መልሶ መፈተን ለእኔ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው የሚመስለኝ።

መሐንዲሷ፦ የምስክር ወረቀቱን አልጠራጠረውም፣ ጋሼ። የምጠይቀው ስለ ምን እንደሚመሰክር ነው። በአሜሪካ በሰፊው ከሚሠራባቸው ፍተሻዎች አንዱን እንውሰድ። ከጥቅልሉ ላይ ቁራጭ ይቆረጣል፤ ዙሪያው በመሣሪያው ጥብቅ ተደርጎ ይያዛል፤ በአንድ ጎኑ 55 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚፈጥረውን ግፊት ተሸክሞ 5 ሰዓት ይቆያል። በሌላው ጎኑ ጠብታ ካልታየ አለፈ ይባላል። ይህ ወደ 5,400 ፓስካል የሚጠጋ ግፊት ነው። ነፋስ ብቻውን ይህን ያህል እንዲገፋ በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ መፍጠን ይኖርበታል። ቁራጩ እንግዲህ አብዛኛው ቤት በዕድሜው የማያየውን ማዕበል ችሏል። አሁን ደግሞ መስኮትና ግድግዳ የሚፈተንበትን የኤኤስቲኤም ኢ 331 መስፈርት ይመልከቱ። በዚያ ፍተሻ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በደቂቃ 3.4 ሊትር ውሃ እየተረጨ የአየር ግፊት ይጨመርበታል። በተደጋጋሚ ከሚሠራባቸው ግፊቶች አንዱ 137 ፓስካል ነው፤ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ከሚነፍስ ነፋስ ጋር ይስተካከላል። ሽፋኑ ብቻውን የቻለው የዚህን 40 እጥፍ ገደማ ነው። እንዲያም ሆኖ በዚህ ትንሽ ግፊት የሚያፈስ ግድግዳ ይገኛል። ውሃው በሉሁ መሃል እንዳልገባ እርግጠኞች ነን። የሚገባው ሉሁ ተቆርጦ በተደራረበበት፣ በመስኮቱ ማዕዘን፣ ቧንቧና ሽቦ በሚወጣበት ቀዳዳ፣ በረንዳው ከግድግዳው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው። የምስክር ወረቀቱ ስለ እነዚህ ምንም አይልም፤ በተፈተነው ቁራጭ ላይ አንዳቸውም አልነበሩምና።

ተቋራጩ፦ ታዲያ ፋብሪካዎቹ ይህን ሁሉ ዓመት የደከሙት በከንቱ ነው? እኔ ሁለት ጥቅልል ይዤ ሱቅ ውስጥ ስቆም የትኛው እንደሚሻል የምለየው በዚያው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ከጣልሽብኝ በምን ልመርጥ ነው?

መሐንዲሷ፦ ቁጥሩ አይጣል፤ እያንዳንዱ ፍተሻ አንዲት ጠባብ ጥያቄ ብቻ እንደሚመልስ ግን ይታወቅ። የቆየውን ዲ 779 የተባለ ፍተሻ ልንገርዎት፤ ባለሙያዎቹ የጀልባ ፍተሻ ይሉታል። ከሽፋኑ የተቆረጠ ቁራጭ ጠርዙ ወደ ላይ ይታጠፍና ትንሽ ጀልባ ይሆናል። በጀልባዋ ውስጥ ከስኳር ዱቄት፣ ከስታርችና ሜቲል ቫዮሌት ከሚባል ቀለም የተቀመመ ደረቅ ዱቄት ይነሰንሳሉ፤ ከዚያ ውሃ ላይ ያንሳፍፏታል። ዱቄቱ ደረቅ ሳለ ነጣ ያለ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ሐምራዊ ይሆናል። ፈታሹ ቀለሙ እስኪለወጥ የፈጀውን ደቂቃ ይይዛል። ግሬድ ዲ የሚባለው በአስፋልት የተነከረ የሕንፃ ወረቀት ቢያንስ 10 ደቂቃ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ 60 ደቂቃ የሚቆይም አለ። ችግሩ ዱቄቱ ፈሳሽ ውሃን ከተን አለመለየቱ ነው። ከፕላስቲክ ክር የሚሠራው ዘመናዊ ሽፋን ፈሳሽ ውሃ እየከለከለ ተን እንዲያሳልፍ ታስቦ የተሠራ ነው። ተኑ አልፎ የዱቄቱን ቀለም ሲለውጠው ሽፋኑ የተበሳ ይመስላል፤ ጥሩ ባሕርዩ እንደ ጉድለት ይቆጠርበታል። ለዚህ ነው ለእነዚህ ሽፋኖች ቅድም ያነሳሁት የውሃ ዓምድ ፍተሻ እንደ አማራጭ የገባው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ጥቅልሎች ሁለት የተለያዩ ፈተናዎችን ያለፉ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። የአንዱን 60 ደቂቃ ከሌላው 5 ሰዓት ጋር አወዳድሮ ይህ ይበልጣል ማለት አይቻልም።

ተቋራጩ፦ ተኑን ካነሳሽ አይቀር፣ ሻጮቹ ሁሉ የሚምሉት ሽፋኑ ምን ያህል ተን እንደሚያሳልፍ በሚናገረው በፐርም ቁጥር ነው። ግድግዳው ይተንፍስ፣ እርጥበቱ ይውጣ ይላሉ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማድረቁ ይሻላል ብዬ ነበር የምገዛው። ይህም ስህተት ነው ልትዪኝ ነው?

መሐንዲሷ፦ ግማሽ እውነት ነው። የፐርም ቁጥር የሚለካው ኢ 96 በተባለ መስፈርት ነው። ጽዋ በሚመስል ዕቃ አፍ ላይ ቁራጩ ተከድኖ ዙሪያው በሰም ይታሸጋል። በደረቁ ጽዋ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ጨው ይደረጋል፤ በእርጥቡ ጽዋ ውስጥ ውሃ። ከዚያ ዕቃው ሙቀቱና እርጥበቱ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ክብደቱ በየጊዜው ይመዘናል። የጨመረው ወይም የቀነሰው ክብደት በቁራጩ በኩል ያለፈው ተን ነው። ቀላልና ታማኝ ዘዴ ነው። ሆኖም አንድ ዕቃ በደረቁና በእርጥቡ ጽዋ በጣም የተራራቀ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በአስፋልት የተነከረው ፌልት በደረቁ 5 ፐርም አካባቢ ሆኖ ሲርስ እስከ 60 ሊደርስ ይችላል። በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው። ሌላም አለ። ተን የሚጓዘው ወደ ውጪ ብቻ አይደለም። ጡብ ወይም ስታኮ ዝናብ ጠጥቶ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው ውሃ ይሞቃል፤ ተኑም ቀዝቃዛ ወደሆነው ወደ ቤቱ ውስጥ ይገፋል። በዚያች ሰዓት በጣም ክፍት የሆነው ሽፋን በሩን ከፍቶ የሚያስገባ ይሆናል፤ ከውስጠኛው የጂፕሰም ቦርድ ጀርባ ፕላስቲክ ካለ ደግሞ ተኑ እዚያ ደርሶ ጤዛ ይሆናል። ስለዚህ ከፍተኛ ፐርም ከጡብ ጀርባ አንድ ትርጉም፣ ጀርባው አየር ከሚያገኝ የእንጨት ሲዲንግ በታች ሌላ ትርጉም አለው። ቁጥሩን የሚተረጉመው ግድግዳው ነው።

ተቋራጩ፦ መልካም። ቁራጩ ከግድግዳው ያነሰ መሆኑን ተቀበልኩ። ግን ነገሩን ወደ ፍተሻ ከማምጣትሽ በፊት ጥፋቱን በሠራው ሰው ላይ አስቀምጪ። መስኮቱን በደንብ ያልገጠመ፣ ሽፋኑን ገልብጦ የደረበ ሠራተኛ ነው ያፈሰሰው። ለሥራ ጉድለት መድኃኒቱ ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ፍተሻ ምን ያደርጋል?

መሐንዲሷ፦ ይህ ክርክር በካናዳዋ ቫንኩቨር ውስጥ ተፈትኖ ወድቋል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እዚያ የተሠሩ በርካታ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ግድግዳቸው ከውስጥ በሰበሰ፤ ብዙ ቤተሰቦችም በጥገና ዕዳ ተዘፈቁ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1998 በቀድሞው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር መሪ በዴቭ ባሬት የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ለካናዳ የሞርጌጅና የቤቶች ኮርፖሬሽን የተሠራው ጥናት የተበላሹ ሕንፃዎችን ካልተበላሹት ጋር አስተያይቶ ነበር። ያገኘው ግልጽ ነው፦ ያበሰበሰው ውሃ በዋናነት ከውጪ የገባ ዝናብ ነበር፤ ከችግሮቹም 90 በመቶ የሚሆኑት የታዩት በመጋጠሚያዎችና ግድግዳው በተበሳባቸው ቦታዎች፣ በመስኮት ዙሪያ፣ በበረንዳና በመተላለፊያ ጠርዝ ነበር። ብዙ ተቋራጮች፣ ብዙ አርክቴክቶች፣ ብዙ ሠራተኞች በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ዓይነት ቦታ ከተሳሳቱ ነገሩ ከአንድ ሰው እጅ ስንፍና ያለፈ ነው። ንድፉ ሰው ሊሠራው ከሚችለው በላይ ፍጹምነት ይጠይቅ ነበር። ስድስት አቅጣጫ በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ በዝናብ ቀን መሰላል ላይ ቆሞ ቴፕ የሚለጥፍ ሰው ሁልጊዜ አይሳሳትም ብሎ የሚያስብ ንድፍ ራሱ የተሳሳተ ነው። ጥሩ ፍተሻ ይህን ድክመት ቤቱ ሳይሠራ ያሳያል፤ ሠራተኛው የሚወቀሰውም ሊሠራ የሚችል ነገር ከተሰጠው በኋላ ነው።

ተቋራጩ፦ ፍተሻ ላይ የሚቀርበው ናሙና ግን ተመርጦ፣ በጥንቃቄ፣ በፋብሪካው ምርጥ ባለሙያ የተሠራ ነው። እሱ አለፈ ማለት የእኔ ሠራተኛ በችኮላ የሠራው ያልፋል ማለት አይደለም። አንቺው ባነሳሽው ምክንያት የግድግዳው ፍተሻም ከሉሁ ፍተሻ የተሻለ አይሆንም።

መሐንዲሷ፦ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፣ ጋሼ፤ የኒውዚላንድ ሰዎች የመለሱትም ይህንኑ ነው። እዚያም በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቤቶች በብዛት በሰበሱ። የጣሪያ ክፈፍ የሌለው ቄንጥ፣ ያለ ክፍተት በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተመታ ልባስ፣ በመድኃኒት ያልታከመ የጥድ እንጨት በአንድ ላይ ገጠሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለመንግሥት የቀረበ ግምት የተጎዱትን ቤቶች 42,000፣ ወጪውን 11.3 ቢሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ገደማ አድርጎታል። በአገሪቱ የሕንፃ ደንብ ውስጥ ያለው ኢ2/ቪኤም1 የተባለው የግድግዳ ፍተሻ ከመስኮትና ከመጋጠሚያ ጋር የቆመን ሙሉ ግድግዳ ይፈትናል፤ በአንደኛው ደረጃም ውጪኛው ልባስ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ሆን ተብለው ይበሳሉ። ውሃው እንዲገባ ይደረጋል። ጥያቄው ከገባ በኋላ ወዴት ሄደ የሚል ይሆናል፦ በክፍተቱ ወርዶ ወጣ ወይስ ሽፋኑንና እንጨቱን ደረሰባቸው? እኔ ልከራከርለት የመጣሁት ፍልስፍና ይህ ነው። ግድግዳን ፍጹም ሆኖ ከመፈተን ጉድለት ይዞ መፈተን ይሻላል፤ ቤት ሁሉ ጉድለት ይዞ ነው የሚኖረው። በመርማሪው ፊት የተበሳውን ቀዳዳ የቻለ ግድግዳ የእርስዎ ሠራተኛ ሳያውቀው የተወውንም የመቻል ዕድል አለው። የተመረጠው ናሙና የሚያሳስትበት መንገድም በዚህ ይዘጋል።

ተቋራጩ፦ እኔ ግን ቀዳዳውን ከመቁጠር ቀዳዳውን መድፈን ይቀለኛል። ዛሬ ገበያው ላይ ሃያ ዓመት ዋስትና ያለው ሲሊኮን አለ። ልባሱን ከላይ እስከ ታች ብናሽገው ውሃው ከመነሻው አይገባም፤ ስለ መውጫውም አንጨነቅም።

መሐንዲሷ፦ ቫንኩቨር የወደቀችው በዚሁ መንገድ ነበር። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቪኒል በፀሐይ ይለጠጣል፤ ሲሊኮኑ የሚለጠፍበት ጠርዝም አቧራ ይዞ ይሆናል። ማሸጊያው አንድ ቦታ ላይ የፀጉር ያህል ሲከፈት ውሃ ይገባል፤ ቀሪው ርዝመቱ ግን እንደታሸገ ይቆይና የገባውን አያስወጣም። የአገራችን የኢትዮጵያ ሣር ክዳን ያለ አንዲት ጠብታ ማሸጊያ ክረምቱን የሚያሳልፈው ክዳኑ ከታች ተጀምሮ የላይኛው ነዶ በታችኛው ላይ እየተደረበ ስለሚወጣ ነው፤ ውሃው ወደ ውስጥ የሚዞርበት ምክንያት አያገኝም፤ የረጠበውንም ነፋስ ያደርቀዋል። ውሃ ተከላካዩ ሽፋንም፣ በመስኮቱ ራስ ላይ የሚገባው፣ ውሃን ወደ ውጪ የሚመራው ፍላሺንግም የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። የላይኛው በታችኛው ላይ ካረፈ ቴፑ ቢላቀቅ እንኳ ውሃው ወደ ውጪ ይወርዳል። ተገልብጦ ከተደረበ ግን ያ ሁሉ ውሃ በቴፑ ሙጫ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ስለዚህ የሚፈተነው ነገር ይለወጣል፦ ስንት ጠብታ ገባ ከማለት ይልቅ ከገባው ስንቱ ወጣ፣ ያልወጣውስ በስንት ጊዜ ደረቀ ይባላል። ኢ 2273 የተባለው መስፈርት በሽፋኑና በልባሱ መካከል የገባ የታወቀ መጠን ያለው ውሃ ከታች ምን ያህሉ እንደሚወጣ ይመዝናል፤ ለዚህ ሥራ የሚጠቀሰው ወሰንም 90 በመቶ ነው።

ተቋራጩ፦ 90 በመቶ ካወጣልኝ ደስ ብሎኝ እገዛዋለሁ። ከመቶ ዘጠና ማለት እኮ ጥሩ ውጤት ነው።

መሐንዲሷ፦ ጥሩ ነው፤ የቀረው 10 በመቶ ግን እንጨቱ የሚበሰብስበት ነው። የሚንጠፈጠፈው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፤ በሽፋኑ እጥፋት፣ በስቴፕሉ ዙሪያ፣ በቦርዱ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ግን በተን ካልሆነ አይወጣም። የመንጠፍጠፍ ፍተሻው የሚያበቃው ዋናው ጥያቄ በሚጀምርበት ቦታ ነው። እንጨት ከ20 በመቶ በታች እርጥበት ሲይዝ በአብዛኛው ከመበስበስ የተጠበቀ ነው። ወደ 30 በመቶ ተጠግቶ ከቆየ ፈንገሱ ይሠራል። አደጋውን የሚወስነው የውሃው መጠንና የቆየበት ጊዜ በአንድነት ነው። በዚህ ምክንያት የግድግዳ ፍተሻ ከመርጨት በኋላ ወዲያው ፎጣ ይዞ የሚያበቃ መሆን የለበትም። ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ በቦርዱ ላይ በተለያየ ከፍታ ተተክሎ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ለመመለስ የፈጀው ቀን መመዝገብ አለበት።

ተቋራጩ፦ እንግዲህ ልጠይቅሽ። አዲስ አበባ ውስጥ ዝናብ ሲወርድ አይተሻል። የሲያትል ዝናብ ከዚያ ጋር ሲተያይ ካፊያ ነው። እዚያ ግን ማንም ግድግዳውን በፐርም ለክቶ አያውቅም፤ ቤቱም ቆሟል። እዚህ ይህን ያህል መንጨርጨራችን ስለ ምንድን ነው?

መሐንዲሷ፦ ጥያቄዎ ክርክሬን ያጠናክረዋል። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ሲያትል ከ1,000 ትንሽ ታንሳለች። ዝናብ ብቻውን ግድግዳ የሚያበሰብስ ቢሆን አዲስ አበባ በቀደመች ነበር። ልዩነቱ ያለው በማድረቂያው ጊዜና በዕቃው ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት ይወርድና ከመስከረም በኋላ ፀሐይና ደረቅ አየር ለረጅም ጊዜ ይመጣል። የሲያትል ዝናብ የሚወርደው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ ወቅቱ ቀዝቃዛና ፀሐይ የጎደለው ነው፤ ሰኞ የረጠበው እስከ ሐሙስ ሳይደርቅ እንደገና ይረጥባል። የአዲስ አበባው የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ቢርስ ቀለሙ ይላጣል፣ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል፣ ፈንገስ ግን አይበላውም። የእንጨት ቦርድና ፍሬም ይበላል። በአንድ ከተማ የሚበቃ ግድግዳ በሌላ ከተማ ላይበቃ የሚችለው ለዚህ ነው፤ በየትኛውም ከተማ አንድ ዓይነት የሆነው የሉሁ የምስክር ወረቀት ይህን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም። እርጥበት የሚገባበት ፍጥነትና የሚወጣበት ፍጥነት የሚነጻጸሩት በአንድ አየር ንብረት፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ነው።

ተቋራጩ፦ የአየር ንብረቱን ካመጣሽ የላቦራቶሪውም ፍተሻ ይወድቃል። እዚያ የሚረጨው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሽፋኑ አዲስ ነው፤ ፍተሻው በሰዓታት ያልቃል። የእኔ ቤት ሃምሳ ዓመት መኖር አለበት።

መሐንዲሷ፦ ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ልመልሰው አልችልም። ሳሙናነት ያለው ነገር የውሃን የገጽ ውጥረት ይቀንሳል፤ ከዝግባ ሲዲንግ የሚታጠበው ጭማቂና በስታኮ ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ ቅመሞች እንደዚሁ ያደርጋሉ፤ ንጹሕ ውሃ የከለከለ ሽፋን እንዲህ ያለውን ሊያሳልፍ ይችላል። ስታኮ በቀጥታ ሲለጠፍበት ደግሞ ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ መውረጃውን ይዘጋል። የአሜሪካ ደንብ በእንጨት ቦርድ ላይ ለሚመጣ ስታኮ ሁለት ንብርብር ሽፋን የሚጠይቀው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የፊተኛው ከስታኮው ጋር ይጣበቃል፣ የኋለኛው ነጻ ሆኖ ይሠራል። ፀሐይም አለ፤ ልባስ ሳይመጣ ለወራት የተጋለጠ ሽፋን ተዳክሞ ሥራውን ይጀምራል። ለረጅሙ ጊዜ የተሻለው መንገድ ፍተሻውን ከስሌት ጋር ማጣመር ነው። ጀርመን ውስጥ በፍራውንሆፈር ተቋም የተሠራው ውፊ የተባለ ፕሮግራም የከተማውን የአየር መረጃ ይዞ ግድግዳው በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚርስና እንደሚደርቅ ያሰላል። አሽሬ 160 የተባለው መስፈርትም ልባሱን ከሚመታው ዝናብ 1 በመቶው አልፎ ሽፋኑ ላይ እንደሚደርስ አድርጋችሁ አስሉ ሲል ቆይቷል። እዚህም ያው ሐሳብ ተመልሶ መጣ፤ ግድግዳው እንደሚያፈስ ታስቦ ይሰላል። ስሌቱም ቢሆን የሚያምነው በሚገባለት ቁጥር ነው፤ ያ 1 በመቶ ለአንዱ ግድግዳ ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የግድግዳ ፍተሻ ፍጹም ነው አልልም። ከሉሁ ፍተሻ ይልቅ ወደ እውነተኛው አደጋ የቀረበ ነው እላለሁ፤ ለውሳኔ ይህ ይበቃል።

ተቋራጩ፦ ሐሳቡን ገባኝ፤ አሁን ወደ ኪሴ ነይ። እኔ የምሠራው ሃያ ፎቅ አይደለም። ናሙና ግድግዳ አቁሞ ላቦራቶሪ መላክ ለአንድ ቤት ትርፉን ሁሉ ይበላዋል።

መሐንዲሷ፦ ለአንድ ቤት ያንን አልጠይቅም። ለትልቅ ሕንፃ የአሜሪካ ደንብ ራሱ መንገድ አበጅቷል፤ በፍተሻ ማረጋገጥ የመረጠ ሰው ቢያንስ 1.2 በ2.4 ሜትር የሚሆን ግድግዳ፣ መስኮት ወይም ሌላ ክፍተት፣ የልባስ መጋጠሚያ፣ የክፈፍና የግርጌ መገናኛ ያለበት፣ በ300 ፓስካል ገደማ ለ2 ሰዓት ይፈትናል። ለእርስዎ የሚስማማው በቦታው የሚደረገው ኢ 1105 ነው። የመጀመሪያው መስኮት ተገጥሞ ፍላሺንጉ ሲያልቅ፣ ሲዲንግም ውስጡም ጂፕሰም ሳይመታ ያቁሙ። ከውስጥ በኩል በመስኮቱ ዙሪያ ፕላስቲክ ተወጥሮ ይታሸጋል፤ በትንሽ ፋን አየሩ ይሳባል፤ ከውጪ ደግሞ የመርጫ ፍሬም ቆሞ ያንኑ በካሬ ሜትር በደቂቃ 3.4 ሊትር ውሃ ያወርዳል። መብራት ይዞ ከውስጥ የሚያይ ሰው የመስኮቱን ግርጌና ማዕዘን ይከታተላል። ካፈሰሰ ውሃው ከታች ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ከላይ ቢጀመር የሚወርደው ውሃ ሁሉንም አርጥቦ ቀዳዳው የት እንደሆነ ይሰውራል። አንድ መስኮት ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። በዚያው ቤት ያሉት ሌሎች መስኮቶች በዚያው እጅ፣ በዚያው አሠራር ስለሚገጠሙ የመጀመሪያው ያስተማረው ለሁሉም ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ በዚያች ሰዓት ጥገናው ጥቂት ቴፕና አንድ ሠራተኛ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲዲንግ ማንሳት፣ ቦርድ መቀየር፣ ነዋሪውን ማስወጣት ይሆናል።

ተቋራጩ፦ ቢያፈስስስ? ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ እያየ መስኮቴ ሲያንጠባጥብ ሥራዬን ልጣ? ፍተሻውን የሚሸሹት ብዙዎቹ ይህን ፈርተው ነው፤ ወጪውን ብቻ አይደለም።

መሐንዲሷ፦ ፍርሃቱ ይገባኛል፤ የሚፈታውም ውሉ ላይ ነው። ፍተሻው እንደ ቅጣት ከመጣ ማንም ይሸሸዋል። ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ እንደ አንድ የሥራ ደረጃ ከገባ ግን መሠረት ሲፈስ የኮንክሪት ናሙና እንደሚወሰደው ያለ ተራ ነገር ይሆናል። የመጀመሪያው መስኮት ይፈተናል፣ ካፈሰሰ አሠራሩ ይስተካከላል፣ ውጤቱ በፎቶግራፍና በእርጥበት ቁጥር ይያዛል፣ ክፍያውም ለብቻው ይጠቀሳል። ሲዲንግ ከመመታቱ በፊት ደግሞ ቦርዱ በየጎኑ በመለኪያ ይወጋና ከ20 በመቶ በታች መሆኑ ይጻፋል፤ በግንባታው ዝናብ የረጠበ እንጨት ተዘግቶበት በኋላ ሽፋኑ እንዳይወቀስ። ባለቤቱም ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቦታ ተበላሸ ቢልዎት እርስዎ ባስረከቡበት ቀን ግድግዳው በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት አለዎት። ያ ወረቀት ከፋብሪካው የምስክር ወረቀት ይልቅ ይጠቅምዎታል፤ ስለ እርስዎ ግድግዳ የሚናገር እሱ ብቻ ነው።

ተቋራጩ፦ በሁሉም አልተስማማሁም። በየመስኮቱ መርጫ የሚያቆም ደንብ ቢወጣ ትንንሾቹን ተቋራጮች ከገበያ ያስወጣቸዋል፤ ትርፉ ለትልልቆቹ ይሆናል። የመጀመሪያውን መስኮት መፈተንና ከመዘጋቱ በፊት እርጥበቱን መመዝገብ ግን በሚቀጥለው ውሌ ላይ አስገባለሁ። ለሠራተኞቼም የሚጠቅመው ይመስለኛል፤ በቃል ከሚነገራቸው ይልቅ ውሃው የት እንደሚገባ ቢያዩት ይማራሉ።

መሐንዲሷ፦ በየመስኮቱ ይሁን አላልኩም፤ ደንብ አውጪዎቹም ያንን ቢያደርጉ እቃወማለሁ። የምጠይቃቸው ሌላ ነው፦ የሽፋኑ መለያ ላይ የየትኛው ፍተሻ ውጤት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ የፐርም ቁጥሩ የደረቁም የእርጥቡም ጽዋ ይሁን፤ አንድ ሽፋን ለአንድ ዓይነት ግድግዳ ይሆናል ሲባል ያ ግድግዳ ጉድለት ተበጅቶለት ተፈትኖ ይሁን። ሸማቹ በሉህ ውስጥ እንደማይኖር ያውቃል፤ የሚኖረው በግድግዳ ውስጥ ነው፤ የሚከፍለው የሠላሳ ዓመት ዕዳም ለግድግዳው ነው። ስለ ግድግዳው እንዲነገረው መጠየቁ የሚገባው መብት ነው።